ተንጫጪዋ መኪና፤ ስለ ሠዓሊው ፓውል ክሌና ስለ አንዲት አስቂኝ ሥዕሉ



ይህ ዓመታዊ መጽሔታችን የሒሳብ መግለጫና የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ብቻ የሚታተምበት ሳይሆን፣ አባላት ያነበቡትንና የመረመሩትን ለሌላው የሚያካፍሉበትም ነው። እኛም በበኩላችን ዘንድሮ ስለ አንዲት ሥዕል ጥቂት ልንጽፍ ወደናል። «ለእድር መጽሔት ደግሞ ሥዕል ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የዚች ሥዕል ታሪክ የሳቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከሥራው የተባረረ ሰው፣ የተወሰደ ንብረት፣ በተወለደበት አገር ዜግነት ሳያገኝ የሞተ መምህር፣ ከሞቱም በኋላ ቅርሱ እንዳይበተን የተሯሯጡ ወዳጆች ታሪክ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ለእድርተኛ ባዕድ አይሆንበትም። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

ሥዕሏ ምን ትመስላለች?

ሥዕሏ የተሠራችው በ1922 ዓ.ም. በጀርመን አገር ነው። ሠዓሊው ፓውል ክሌ ይባላል። እሱ በቋንቋው «ዲ ዝቪቸር ማሺነ» ብሎ ሰይሟታል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ተንጫጪዋ መኪና» ብንላት ያስኬዳል። መኪና ስንል የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና እንደምንለው እንጂ መንገድ ላይ የሚነዳውን ማለታችን አይደለም።

ትልቅ ሥዕል አይደለችም። ቁመቷ ወደ 64፣ ወርዷ ወደ 48 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በወረቀት ላይ ተሠርታ በካርቶን ላይ የተለጠፈች ናት። መደቧ ላይ ሰማያዊና ሮዝ የውሃ ቀለም እንደ ማለዳ ጭጋግ ተነጥፎበታል። በዚያ ጭጋግ መካከል አንድ ቀጭን ሽቦ ተዘርግቷል። ሽቦው ላይ አራት ወፎች ቆመዋል። ወፍ እንበላቸው እንጂ ሥጋ የላቸውም፤ ከሽቦ ተጠምዘው የተሠሩ ይመስላሉ። የወፎቹ እግር የት ላይ አልቆ ሽቦው የት ላይ እንደሚጀምር ለመለየት እንኳ ያስቸግራል። ጭንቅላታቸው ከሰውነታቸው ይበልጣል፤ አፋቸውን ከፍተው ሁሉም በየአቅጣጫው ይጮኻሉ። ከአፋቸው የሚወጣውም ነገር የተለያየ ነው። የአንዷ እንደ ቃለ አጋኖ ምልክት ቀጥ ያለ ነው። የሌላዋ እንደ ቀስት የሾለ ነው።

አሁን ወደ ቀኝ እንሂድ። ሽቦው ጫፉ ላይ ታጥፎ በእጅ የሚዞር መዘውር ይሆናል፤ ልክ እንደ ድሮው በእጅ እንደሚዞር የስፌት መኪና ወይም እንደ ቡና መፍጫ ያለ። አንድ ሰው መጥቶ ይህን መዘውር ቢያዞረው ሽቦው ይሽከረከራል፣ ወፎቹም ከፍ ዝቅ እያሉ ይንጫጫሉ ማለት ነው። ሥዕሉ ላይ ግን ሰው የለም። መዘውሩ ባዶውን ቆሞ አዙሪውን ይጠብቃል። ከወፎቹ በታች ደግሞ አራት ማዕዘን ያለው፣ ገበታ ይሁን ጉድጓድ ያልለየለት ነገር ተሥሏል።

መጀመሪያ ያያት ሰው ይስቃል። መሣቁም ተገቢ ነው፤ ሠዓሊውም እንዲሣቅ ብሎ ነው የሠራት። ጥቂት ቆይቶ የተመለከታት ግን «እነዚህ ወፎች መብረር ይችላሉ እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አይችሉም፤ ከሽቦው ጋር ተጣብቀዋል። የሚጮኹት ደስ ሲላቸው ሳይሆን ሰው ሲያዞራቸው ነው። ከታች ያለውም ነገር ገበታ ከሆነ መመገቢያ፣ ጉድጓድ ከሆነ ወጥመድ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ተመልካቾች ሥዕሏን የደስታ፣ ሌሎች ደግሞ የጭንቅ አድርገው ይተረጉሟታል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ሁለት ፍቺ ቢኖረው አያስደንቀውም።

በአውሮፓ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካናሪ የሚባለውን ወፍ ዘፈን ለማስለመድ የሚያገለግል፣ መዘውሩ ሲዞር የሚዘፍን ትንሽ የኦርጋን ሣጥን ነበር። በጓዳ የታሰረችው ወፍ የሣጥኑን ዜማ ደጋግማ እየሰማች ትለምደዋለች። እንግዲህ በዚያን ጊዜ መኪናው የወፍ አስተማሪ ነበር ማለት ነው። በክሌ ሥዕል ላይ ወፎቹ ራሳቸው የመኪናው ዕቃ ሆነው ቀርተዋል።

ሠዓሊው ማን ነበር?

ፓውል ክሌ በዲሴምበር 18 ቀን 1879 በስዊዘርላንድ አገር፣ በርን ከተማ አጠገብ ሙንሽንቡክሴ በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ጀርመናዊ የሙዚቃ መምህር፣ እናቱ የስዊዘርላንድ ተወላጅና የዘፈን ተማሪ የነበረች ሴት ናት። በዚያን ጊዜ ሕግ ልጅ የአባቱን ዜግነት ስለሚይዝ፣ ክሌ በስዊዘርላንድ ተወልዶ፣ በስዊዘርላንድ አድጎ፣ በወረቀት ግን ጀርመናዊ ሆነ። ይህች ነገር ኋላ ላይ ምን እንዳመጣችበት እንመለስባታለን።

ከልጅነቱ ጀምሮ ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ገና በ11 ዓመቱ ከበርን ከተማ የሙዚቃ ማኅበር ጋር ለመጫወት በቅቷል። ወላጆቹ ሙዚቀኛ እንዲሆን ይመኙ ነበር፤ እሱ ግን በ1898 ወደ ሙኒክ ሄዶ ሥዕል መማር ጀመረ። በ1906 ሊሊ ሽቱምፍ የምትባል የፒያኖ አስተማሪ አገባ፤ በ1907 ፌሊክስ የሚባል ልጅ ወለዱ። በዚያን ጊዜ የሥዕሉ ገቢ ቤት የሚያቆም አልነበረም። ታዲያ ሊሊ ፒያኖ እያስተማረች ቤቱን ስትደጉም፣ ባል ወጥ ቤት ውስጥ ሆኖ ምግብ ያበስላል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ሲያመቸውም እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ይሥላል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አባወራ በአውሮፓም ቢሆን ብዙ አልነበረም።

ክሌ በ1911 አንድ ትልቅ ነገር ጀመረ። መዝገብ ከፈተ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሠራውን ሥራ ሁሉ፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ በዓመተ ምሕረትና በተራ ቁጥር፣ ከነርዕሱና ከነአሠራሩ ይመዘግብ ነበር። የሚገርመው፣ በልጅነቱ ከሣላቸው ሥዕሎች መካከል የመረጣቸውንም በዚሁ መዝገብ ማስገባቱ ነው። የልጅነት እጁን አላፈረበትም። የእድር ጸሐፊ የሆነ ሰው የዚህን መዝገብ ጥቅም ወዲያው ይረዳዋል፤ ሰው ያልፋል፣ መዝገብ ግን ይናገራል። ተንጫጪዋ መኪና በዚህ መዝገብ የ1922 ዓ.ም. ቁጥር 151 ሆና ተጽፋለች።

በዚያው በ1911 ከሩሲያዊው ሠዓሊ ከቫሲሊ ካንዲንስኪ ጋር ተዋወቀ። እነ ካንዲንስኪ፣ እነ ፍራንዝ ማርክ «ሰማያዊው ፈረሰኛ» በሚል ስም የተሰባሰቡ አዲስ አሳብ ያላቸው ሠዓሊዎች ነበሩ። በአፕሪል 1914 ክሌ አውጉስት ማከና ሉዊ ሟሊዬ ከሚባሉ ሁለት ሠዓሊ ጓደኞቹ ጋር ወደ ቱኒዝያ ተጓዘ። የጉዞው ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ክሌ በእርሳስና በቀለም ብዕር መሥመር የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ ከቱኒዝያ ፀሐይና ከካይሩዋን ከተማ የተመለሰው የቀለም ሰው ሆኖ ነው። ይህንኑም በዕለት ማስታወሻው አስፍሮታል።

ደስታው አልቆየም። በዚያው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። አውጉስት ማከ በሴፕቴምበር 1914 በጦር ሜዳ ሞተ። ፍራንዝ ማርክ በማርች 1916 ቬርዱን አጠገብ ተገደለ። ክሌም በዚያው ወር ለውትድርና ተጠራ። ዕድሉ ሆኖ ግንባር አልደረሰም። መጀመሪያ በአውሮፕላን ጣቢያ የአውሮፕላን አካል ቀለም ይቀባ ነበር። ቀጥሎ በአንድ የበረራ ትምህርት ቤት የገንዘብ ክፍል ጸሐፊ ሆነ። የተከሰከሱ አውሮፕላኖችን ፎቶግራፍ ማንሣትም አንዱ ሥራው ነበር። ከአውሮፕላን ክንፍ የተረፈውን ሸራ እየሰበሰበ ሥዕል ይሠራበት ነበር። እንግዲህ የሚበርን ነገርና መኪናን አንድ ላይ ያየው በወሬ ሳይሆን በዓይኑ ነው። ስድስት ዓመት ቆይቶ በሽቦ የታሰሩ ወፎችን ሲሥል ያ ሁሉ የወደቀ ብረትና ሸራ በአሳቡ አልነበረም ለማለት ይቸግረናል።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ስሙ እየታወቀ መጣ። በ1921 ቫይማር ከተማ ባውሃውስ በሚባለው የሥነ ጥበብና የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ገባ። ትምህርት ቤቱን በ1919 የመሠረተው ቫልተር ግሮፒየስ የሚባል አርክቴክት ነው። የዚያ ትምህርት ቤት ዓላማ ጥበብን ከፋብሪካ፣ ውበትን ከአገልግሎት ማዋሐድ ነበር። ተንጫጪዋ መኪና የተሣለችው እንግዲህ ስለ መኪና ጠቃሚነት ጠዋት ማታ በሚወራበት ግቢ ውስጥ ነው። ክሌ መኪናን አልነቀፈም፤ ግን ምንም የማትጠቅም፣ መንጫጫት ብቻ የምታውቅ መኪና ሠርቶ አሳያቸው።

«ይህንንማ ልጅም ይሥለዋል»

ስለ ክሌ ሥራ ሲነሣ የተለመደው ትችት ይህ ነው። ትችቱ ዛሬም አልቀረም፤ እኛም መልስ መስጠት ይገባናል።

አንደኛ፣ አሠራሩን እንመልከት። የእድራችን ጸሐፊ ደረሰኝ ሲጽፍ ከሥር ካርቦን ያደርጋል። ክሌ ይህንኑ ዘዴ ለሥዕል አዋለው። በቅድሚያ ንድፉን በሌላ ወረቀት ላይ ይሠራል። ቀጥሎ አንድ ስስ ወረቀት በጥቁር የዘይት ቀለም ይቀባና ጥቂት ሲደርቅ የተቀባውን ፊት ወደ ታች አድርጎ በንጹሕ ወረቀት ላይ ይደፋዋል። ከላይ ንድፉን አድርጎ በመርፌ ጫፍ መሥመሩን ይከተላል። ከሥር ባለው ወረቀት ላይ መሥመሩ ይታተማል፤ እጁ የተጫነበትም ቦታ ጥቁር ጥቁር እድፍ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በውሃ ቀለም ያለብሰዋል። የዘይት ቀለምና ውሃ ስለማይዋሐዱ መሥመሩ ሳይፈርስ ቀለሙ ብቻ ይፈስሳል። በተንጫጪዋ መኪና ላይ የምናያቸው የሚንቀጠቀጡ የሚመስሉ መሥመሮችና ዙሪያቸው ያለው ጥቀርሻ መሳይ ነገር የመጡት ከዚህ ነው። ይህ የልጅ ጫወታ አይደለም፤ የተጠናና በብዙ ሙከራ የተገኘ ዘዴ ነው።

ሁለተኛ፣ ክሌ እንደ ልጅ መሣል ያቃተው ሰው ሳይሆን እንደ ልጅ መሣልን የተማረ ሰው ነው። በሙኒክ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ፍራንዝ ሽቱክ ከሚባሉ ስመ ጥር መምህር ዘንድ ተምሯል። ከዚያም ጣሊያን ሄዶ የጥንት ሊቃውንትን ሥራ ተመልክቷል። አንድን ሰው እንደ መልኩ አስመስሎ መሣል ያውቅበት ነበር። ነገር ግን የሥነ ጥበብ ሥራ የሚታየውን መድገም ሳይሆን የማይታየውን እንዲታይ ማድረግ ነው የሚል እምነት ነበረው። መሥመርንም ለሽርሽር እንደ ወጣች ነጥብ ይቆጥራት ነበር፤ ወዴት እንደምትሄድ አስቀድማ ሳትወስን መንገድ የምትጀምር። ለልጁ ለፌሊክስ ከጨርቅ ቁራጭ፣ ከከብት አጥንትና ከጅብሰም 50 ያህል የእጅ አሻንጉሊቶች ሠርቶለታል። ስለዚህ የልጅን ዓለም በንቀት ሳይሆን በአክብሮት ነው የገባበት።

ሦስተኛ፣ ሥዕሏን ደግመን እንያት። አራቱ ወፎች አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ ቀልዱ ባለቀ ነበር። ግን እያንዳንዷ የየራሷ ጠባይ አላት። የቫዮሊን ተጫዋች እጅ ነው ይህንን የሠራው፤ አራት ድምፅ በአንድ ክር ላይ። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጉንተር ሹለር በ1959 በክሌ ሥዕሎች ላይ ተመሥርቶ ለኦርኬስትራ ሰባት ክፍል ያለው ሙዚቃ ሲደርስ፣ ከሰባቱ አንዱ ይህችው ተንጫጪዋ መኪና መሆኗ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሳቅ መሣሪያ ሲሆን

ሥዕሏ በተሠራች በዓመቱ፣ ማለትም በ1923፣ የበርሊን ብሔራዊ ጋለሪ ከስብስቡ ውስጥ አስገባት። ለአንድ ሕያው ሠዓሊ ይህ ትልቅ ክብር ነው። በዚያም ወደ 14 ዓመት ያህል ኖረች።

ክሌ ከባውሃውስ በ1931 ወጥቶ በዱስልዶርፍ አካዳሚ አስተማሪ ሆኖ ነበር። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። የክሌ ቤት ተፈተሸ። ጋዜጦቻቸው አይሁዳዊ ነው ብለው ጻፉበት። ክሌ አይሁዳዊ አልነበረም፤ ቢሆንም ማስተባበያ ለማውጣት አልፈለገም። አይሁዳዊ ብሆን ኖሮስ ምን ይጎድልብኝ ነበር የሚል አሳብ ለሚስቱ ጻፈላት። ወዲያው ከሥራው ታገደ፣ በኋላም ተሰናበተ። በዲሴምበር 1933 ከሚስቱ ጋር ወደ ተወለደበት ወደ በርን ተመለሰ። ዕድሜው 54 ዓመት ነበር።

በ1937 ደግሞ ናዚዎች ከጀርመን ሙዚየሞች ሁሉ አዲሱን ሥነ ጥበብ እየለቀሙ አወጡ። ከክሌ ሥራዎች ብቻ ከ100 በላይ ተወሰዱ። ተንጫጪዋ መኪናም ከበርሊን ጋለሪ ተነጠቀች። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሙኒክ ላይ «የዘቀጠ ጥበብ» የሚል ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ሥዕሎቹ ተጠጋግተው፣ ተንጋደው፣ ዙሪያቸው የስድብ ጽሑፍ ተጽፎባቸው ተሰቀሉ። የክሌ ሥራዎችም ከመካከላቸው ነበሩበት። ለተመልካች በተሸጠው መጽሐፍ ውስጥ የክሌ ሥራ ከአእምሮ ሕሙማን ሥራ ጎን ታትሞ «የትኛው ይሻላል?» እንዲባልበት ተደረገ። ኤግዚቢሽኑን ሙኒክ ላይ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። ሕዝቡ የተጠራው እንዲስቅ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ እንፈልጋለን። ክሌ ሰው እንዲስቅ ብሎ ሥዕል ሠራ፤ ናዚዎችም ሰው በሥዕሉ እንዲስቅ አደረጉ። ሁለቱ ሳቆች ግን አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ሳቅ ተመልካች ከሥዕሉ ጋር ሆኖ በራሱና በዘመኑ ይስቃል። በሁለተኛው ግን ተመልካቹ በሰውየው ላይ ይስቃል፤ ስቆም ሲያበቃ ሰውየው ሲባረር ዝም ይላል። «ልጅም ይሥለዋል» ማለት በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ማንም ሰው የመሰለውን መናገር ይችላል። ነገር ግን ያቺኑ ቃል መንግሥት ሲይዛት ከሥራ ማባረሪያና ንብረት መንጠቂያ ሆነች። ለዚህ ነው ስለ አንዲት ትንሽ ወረቀት ይህንን ያህል የምንጽፈው።

በ1938 የተነጠቁት ሥራዎች ያለ ካሣ እንዲወረሱ ሕግ ወጣ። መንግሥቱ የውጭ ምንዛሪ ስለፈለገ የተወሰኑትን በነጋዴዎች አማካይነት ወደ ውጭ ሸጠ። እንግዲህ ዘቅጧል ያሉትን ነገር ገንዘብ ሲያመጣ አልጠሉትም። ተንጫጪዋ መኪናም በዚህ መንገድ ባሕር ተሻግራ በ1939 የኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገዛት። ከዚያ ወዲህ የዚያ ሙዚየም ንብረት ናት።

የሠዓሊው ፍጻሜና የቅርሱ ነገር

ክሌ በ1935 በጠና ታመመ። በሽታው ቆዳን የሚያደነድንና የውስጥ አካልን የሚጎዳ፣ ሐኪሞች ስክሌሮደርማ የሚሉት እንደነበረ ከሞተ በኋላ ተገምቷል። በ1936 በዓመት ውስጥ የሠራው 25 ሥራ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ አበቃለት ሲል፣ በ1937 መዝገቡ ላይ 264 ሥራ አሰፈረ፤ በ1938 489፤ በ1939 ደግሞ ከ1,200 በላይ። እጁ እየደነደነ ሲሄድ ቀጭኑን መሥመር ትቶ ወፍራም መሥመር ያዘ። ሞት ደጁ ላይ እንደቆመ ያውቅ ስለነበር ይመስላል በችኮላ የሠራው።

የስዊዘርላንድ ዜግነት ለማግኘት አመልክቶ ነበር። የተወለደበት፣ ያደገበት፣ የእናቱ አገር ነው። ይሁን እንጂ ባለሥልጣኖቹ ደጋግመው መረመሩት፤ ሥዕሉም ጭምር ለጥርጣሬ ምክንያት ሆነበት። ጉዳዩ ሳይወሰን በጁን 29 ቀን 1940 ሎካርኖ አጠገብ ሙራልቶ በሚባል ስፍራ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ አመዱ በ1942 በበርን ሾስሃልደ መቃብር ተቀበረ። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ የራሱ ቃል ተቀርጾበታል። በሕይወቱ ሳለ መታወቂያ የከለከለው አገር፣ ዛሬ ከታላላቅ ልጆቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ከሞተ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተነሣ። ሚስቱ ሊሊ በ1946 ዐረፈች። ልጃቸው ፌሊክስ በዚያን ጊዜ ጀርመን አገር ነበር። የጦርነቱ አሸናፊዎች በስዊዘርላንድ ያለ የጀርመናውያን ንብረት ተሸጦ ለጦር ካሣ እንዲውል ከስዊዘርላንድ ጋር ተስማምተው ነበር። ክሌ በወረቀት ጀርመናዊ ስለነበረ በሺህ የሚቆጠረው ሥራው በጨረታ ሊበተን ሆነ። የበርን ወዳጆቹ ተሰብስበው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ ቅርሱን በሙሉ ገዙ፤ በ1947ም በስሙ ድርጅት አቋቋሙ። ፌሊክስ በ1948 በርን ሲመጣ ግን «የአባቴ ውርስ የኔ ነው» ብሎ ጠየቀ። በልጅ በኩል ቢታይ እውነቱን ነው፤ በወዳጆቹም በኩል ቢታይ እነሱ ባይደርሱ ኖሮ የሚጠየቅ ውርስ ባልተረፈ ነበር። ክርክሩ ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1952 በስምምነት አለቀ፤ ከፊሉ ለልጁ፣ ከፊሉ ለድርጅቱ ሆነ። የቀብር ማግሥት የውርስ ክርክር ሲነሣ ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ አባል ሁሉ የዚህን ነገር ክብደት ያውቀዋል።

ልብ እንበል፤ ሁሉም ነገር በሥርዓት ሊከፈል የቻለው ክሌ ከ1911 ጀምሮ የያዘው መዝገብ በመኖሩ ጭምር ነው። ከ9,000 በላይ የሆነ ሥራው አብዛኛው ቁጥርና ርዕስ አለው። ሁለቱ ክፍሎች ኋላ ላይ ተመልሰው ተገናኝተዋል። የፌሊክስ ቤተሰብ ባደረገው ስጦታ መነሻነት በ2005 በበርን ከተማ የፓውል ክሌ ማእከል ተከፈተ። ሕንፃው ሬንሶ ፒያኖ የሚባል ጣሊያናዊ አርክቴክት የሠራው፣ ሦስት ኮረብታ የሚመስል ነው። 4,000 ያህል የክሌ ሥራዎች እዚያ ተሰብስበዋል።

በእኛም አገር

የክሌ ነገር ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። በ1937 አዲስ አበባ የተወለዱት ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በ1955 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው፣ ከዚያ ፓሪስ ሄደው ብዙ ዓመት ሲሠሩ የክሌን ሥዕሎች በቅርብ አጥንተዋል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎችም ይህንን ይመሰክራሉ። ነገር ግን እስክንድር ክሌን አልገለበጡም። ከአገራቸው የክታብ ጠልሰምና ከአፍሪካ ተረት ጋር አዋሕደው የራሳቸውን ዓለም ፈጠሩ። በራሪ ፍጥረቶች፣ ዓይኖች፣ ወፍም ሰውም ያልሆኑ ነገሮች በሌሊት ቀለም ውስጥ ይዋኛሉ። በ1964 የሠሩት «የጁጁ ሠርግ» የተባለው ሥዕል የሚገኘው ተንጫጪዋ መኪና ባለችበት በዚያው በኒውዮርክ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። እስክንድር በ1966 ወደ አገራቸው ተመልሰው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ ኋላም አሜሪካ ሄደው በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ሲያስተምሩ ቆይተው በ2003 ዋሽንግተን ውስጥ ዐረፉ።

በ1932 ሐረር የተወለዱት ገብረ ክርስቶስ ደስታም በጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምረው ሲመለሱ ረቂቅ ሥዕላቸው ብዙ ክርክር አስነሥቷል። «ይህ የኛ አይደለም» ያለ ነበር፤ «ልጅም ይሥለዋል» ያለም አይጠፋም። ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ሠዓሊም ነበሩ፤ ብዙ ተማሪ አፍርተዋል። እሳቸውም በ1981 በስደት ላይ ሳሉ በአሜሪካ ኦክላሆማ ዐረፉ። በስማቸው የተሰየመው ሙዚየም በ2008 አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አጠገብ ተከፍቷል፤ ከጀርመን የተመለሱ ሥራዎቻቸውም ወደዚያ ገብተዋል።

በመጨረሻም

አባላት እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያጋጥማቸው ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንመክራለን። መጀመሪያ የሚያስቅ ከሆነ ያለ ይሉኝታ ይሣቅ። ቀጥሎ ዘወር ሳይባል ጥቂት ደቂቃ ይታይ፤ መዘውሩን ማን እንደሚያዞረው፣ ወፎቹ ታስረው እንደሆነ፣ ከሥር ያለው ገበታ ይሁን ጉድጓድ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ካልወደድነው አልወደድነውም እንበል፤ ሠሪውን ግን አንሳደብ። በሙኒክ የተደረገው ከስድብ ነው የጀመረው።

ተንጫጪዋ መኪና እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። የሰደቧት መንግሥት በ1945 ወደቀ። እሷ ግን ከግርጌዋ ሠዓሊው በእጁ የጻፈውን ቁጥር፣ 1922/151ን፣ እንደያዘች አለች። ስለ ሌላ ሥዕል ወይም ሠዓሊ የሚያውቁ አባላት ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ጽሑፋቸውን ለጸሐፊው እንዲያስረክቡ እያሳሰብን በዚሁ እናበቃለን።